ሴፕሲስ በስሙ ይቆጠር፦ ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ገብረየሱስ
የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር፣ ጄኔቫ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎን ለዚህ ኃላፊነት የመረጠው 70ኛው የዓለም ጤና ጉባኤ በዚያው በሜይ 2017 ሌላም ውሳኔ አሳልፎ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ውሳኔው አባል አገሮች ሴፕሲስን (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከልክ አልፎ የራሱን አካላት የሚጎዳበትን ገዳይ ሁኔታ) የመከላከል፣ ቶሎ የመለየትና የማከም ሥራ በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ይጠይቃል። ስለ ምርጫው ዓለም ሁሉ ሰማ፤ ስለ ውሳኔው ግን ከሙያው ሰዎች በቀር የሚያውቅ ብዙ አይመስለኝም። እኔ ሐኪም ነኝ። ድርጅትዎ ያዘጋጀውን የሞት ምክንያት ቅጽ ሞልቼ እፈርማለሁ፤ የምጠይቅዎም ከዚያው ቅጽ ጋር የተያያዘ ነገር ነው።

ቅጹ ወደ ሞት ያደረሱትን ነገሮች በተራ እንድንጽፍ ያዛል። በስተላይ ሰውየውን በቀጥታ የገደለው፣ በስተታች ደግሞ የሁሉም መነሻ የሆነው ይሰፍራል። በሞት አኃዞች ሰንጠረዥ ላይ ታትሞ የሚወጣው ግን መነሻው ምክንያት ብቻ ነው። በወለደች በሳምንቷ በማሕፀን ኢንፌክሽን ያረፈች ሴት በእናቶች ሞት ትቆጠራለች። ሳንባ ምች የያዛቸው አዛውንት በሳንባ ምች፣ አንጀቱ የተበሳው ወጣት በሆድ ዕቃ ሕመም፣ ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋሱን ያወረደበት ታካሚ ደግሞ በካንሰር ይመዘገባሉ። በመጨረሻዋ ሌሊት አልጋቸው አጠገብ የቆመ ሰው ግን በአራቱም ላይ ያየው ተመሳሳይ ነው፦ የሚጣደፍ ትንፋሽ፣ የወረደ የደም ግፊት፣ የቆመ ሽንት፣ የተምታታ አእምሮ። አራቱንም የገደላቸው ሴፕሲስ ነው፤ መዝገቡ ግን አራት የማይተዋወቁ ሞቶች አድርጓቸዋል።

ሞታቸውን ያመሳሰለው ጀርሙ አይደለም፤ ጀርሞቻቸው ይለያያሉ። ያመሳሰለው አብሮን የሚወለደው የመከላከያ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት እያንዳንዱን ጀርም ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ብዙ ባክቴሪያዎች የሚጋሩትን ምልክት ነው። ግራም ኔጋቲቭ የተባሉትን ብንወስድ፣ ውጫዊ ሽፋናቸው ሊፖፖሊሳካራይድ በተባለ ከስብና ከስኳር የተዋቀረ ነገር የተሞላ ነው። ሪቻርድ ፋይፈር በ1890ዎቹ በርሊን ላይ የሞተ የኮሌራ ባክቴሪያ እንኳ እንስሳትን እንደሚገድል አይቶ፣ ገዳዩን ነገር ኢንዶቶክሲን ብሎታል። ሰውነታችን ይህን ነገር በምን እንደሚያውቀው የተገለጠው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1998 የብሩስ ቦይትለር የምርምር ቡድን በሕዋሳት ላይ የሚገኘው ቲኤልአር4 የተባለው ተቀባይ ኢንዶቶክሲንን እንደሚለይ አሳየ። ተቀባዩ የተበላሸባቸው አይጦች ሌሎችን የሚገድለውን ያህል ኢንዶቶክሲን ቢወጉ ይተርፋሉ። ሕያው ባክቴሪያ ሲገባባቸው ግን ከጤነኞቹ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ይህን ግኝት ባስታወስሁ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ የሚያድነንም የሚገድለንም ያው አንድ ተቀባይ ነውና።

በአንድ ቁስል ዙሪያ ሲሆን መቅላትና ማበጥ ጥቅም ነው። የደም ሥር ግድግዳ ይላላል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ያልፋሉ፣ ደሙ ረግቶ ባክቴሪያውን እዚያው ያግደዋል። ይኸው ሥራ በመላ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲከናወን ግን ፈሳሽ ከደም ሥር ይወጣል፣ ግፊት ይወርዳል፣ በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል፤ ኩላሊት፣ ሳንባና አንጎልም ይደክማሉ። ምላሹን በመድኃኒት ለመግታት ብዙ ተሞክሯል። ቲኤልአር4ን እንዲዘጋ የተሠራው ኤሪቶራን በ2013 በታተመ ትልቅ ጥናት ሞትን አልቀነሰም፤ ለሴፕሲስ ሕክምና በ2001 የተፈቀደው ዚግሪስ የተባለው መድኃኒትም በ2011 ከገበያ ወጣ። ስለዚህ ዛሬም የቀረን ቶሎ ማወቅ፣ ትክክለኛውን ፀረ ባክቴሪያ ቶሎ መስጠትና የኢንፌክሽኑን ምንጭ ማጽዳት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ አጀማመሩ ተራ ትኩሳት ስለሚመስል ያቺ ቶሎ የምትባለው ሰዓት ሳትታወቅ ታልፋለች።

አሁን ወደ ቆጠራው ልመለስ። በ2016 የታተመ ግምት በዓመት 5.3 ሚሊዮን ሰው በሴፕሲስ እንደሚሞት ተናገረ፤ መሠረቱ የባለጸጋ አገሮች የሆስፒታል መረጃ ነበር። በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት በሌላ መንገድ ሄደ። መነሻውን ምክንያት ብቻ ሳይሆን በሞት መዝገብ ላይ የሰፈሩትን ምክንያቶች ሁሉ፣ በ109 ሚሊዮን መዝገቦች ላይ አነበበ። ለ2017 ያወጣው ግምት 48.9 ሚሊዮን ሕሙማንና 11 ሚሊዮን ሞት ነበር፤ በዓለም ላይ ከሞቱት ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ከታመሙት ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነው። ሴፕሲስ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት በእጥፍ አልጨመረም፤ እንዲያውም ያው ጥናት ከ1990 ወዲህ የሞቱ መጠን መቀነሱን ይናገራል። የተለወጠው አጥኚዎቹ በቅጹ ላይ የተመለከቱት መሥመርና መረጃውን የወሰዱበት ቦታ ነው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ የሚመስለው ካለ በ2011 የታተመውን የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ጥናት ያንብብ። በጽኑ ትኩሳት ከታመሙና የደም ዝውውራቸው ከደከመ 3,141 ሕፃናት መካከል፣ በዘመኑ መመሪያ መንፈስ በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከአሥር በመቶ በላይ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው 7.3 በመቶ። በዛምቢያ በአዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመውም እንዲሁ ነው፤ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠትን በያዘው አዲስ የሕክምና ቅደም ተከተል 48.1 በመቶ፣ በተለመደው 33 በመቶ ሞቱ። ሴፕሲስ በበዛበት ቦታ ሳይጠና፣ የመተንፈሻ መሣሪያና የፅኑ ሕሙማን አልጋ ባለበት ቦታ የተፈተነ ሕክምና ተሻግሮ መጣ። ሞቱ በስሙ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚህን ጥናቶች የሚጠይቅ ሰው ቀደም ብሎ ይነሣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቅጹም የእናንተ ነው፣ የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባም የእናንተ ነው። የ2017ቱ ውሳኔ ራሱ አገሮች በዚህ ምደባ ተጠቅመው የሴፕሲስን መጠን እንዲያውቁ ይጠይቃል። ስለዚህ ከመነሻ ምክንያት ሰንጠረዡ ጎን ሁለተኛ ሰንጠረዥ ይታተም፤ በቅጹ በየትኛውም መሥመር ላይ ሴፕሲስ የተጻፈባቸው ሞቶች በዕድሜ፣ በጾታና በመነሻ ሕመም ተለይተው ይውጡ። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ አይነካ፤ የሳንባ ምቹ ሞት የሳንባ ምች ሆኖ ይቀጥል።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቻችሁ ሐኪሞች መነሻውን ሳያጣሩ ሴፕሲስ ብለው ብቻ ይጽፋሉ ብለው እንደሚከራከሩ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለ ቅጽ የስንፍና ቅጽ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑ ከየት እንደተነሣና የትኛው የአካል ክፍል እንደደከመ አብሮ እንዲጻፍ ማሠልጠን ነው። ዛሬ መነሻውን በጥንቃቄ የሚጽፈው ሐኪምም ቢሆን የጻፈው ሴፕሲስ ከሰንጠረዡ ይወጣበታል።

የድርጅቱን አቋም፣ ፈቃደኛ ከሆናችሁም ሁለተኛው ሰንጠረዥ ከየትኛው ዓመት መረጃ እንደሚጀምር በይፋ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሐኪም