ከመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ መልስ

ሰላም፣ የንባብ ቡድናችን አባላት!

ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ጅማ ገባሁ። መንገዱ አድክሞኛል፤ ደስታው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ መጻሕፍት መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ አሳታሚ፣ አታሚና አከፋፋይ አንድ ጣሪያ ሥር ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ልቤን የወሰደው አንድ አታሚ ነው። ሰፊ ወረቀት አነሳና ሦስት ጊዜ አጠፈው። «ቁጠሪ» አለኝ። 16 ገጽ! ለካ ብዙ መጽሐፍ የሚሠራው እንዲህ በየ16 ገጹ እየታጠፈ ነው። መጨረሻ ላይ ባዶ ገጾች የሚተርፉትም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ከዚያ በክር የተሰፋውንና በሙጫ ብቻ የተጣበቀውን ገልጦ አሳየኝ። የተሰፋው ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ ብሎ ይተኛል። የእኛ መጻሕፍት ለምን ቅጠል በቅጠል እንደሚበተኑ አሁን ገባኝ።

የወረቀት ዋጋ የሁሉም ራስ ምታት ነው። ብዙ ደራሲ ዛሬም ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚያሳትመው። ይሄ ከልቤ አሳዝኖኛል። እባካችሁ፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መጽሐፍ አንግዛ።

«ጅማ ትልካላችሁ?» ብዬ ያልጠየቅሁት አሳታሚ የለም። ሁለቱ እሺ ብለውኛል።

ሰባት መጽሐፍ ይዣለሁ። ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ፣ ቡናው ሲፈላ እንከፋፈላለን። የተዋሳችሁትንም ይዛችሁ ኑ።