ጉዳዩ፦ ልመልስ ስመጣ «ትንሽ ይጠብቁ» ያላችሁኝን የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ይመለከታል

ለመደብሩ ሥራ አስኪያጅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ምን እንደገዛሁ፣ መቼና ከማን እንደገዛሁ ደረሰኙ ላይ አለ። ቅጂውን አያይዣለሁ። በስልክም በአካልም ለብዙ ሠራተኞቻችሁ ስላስረዳሁ እዚህ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ አንድ ቃል ኪዳን ነው። ሰጥታችሁኝ፣ አስጠብቃችሁኝ፣ በመጨረሻ ስለበላችሁት ቃል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 የፊልም ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስ ከሁለቱ ተፎካካሪ የከፍተኛ ጥራት ፊልም ዲስክ ዓይነቶች (ፎርማቶች)፣ ከኤችዲ ዲቪዲና ከብሉ ሬይ፣ ብሉ ሬይን ብቻ እንደሚይዝ አስታወቀ። የአንዱ ዲስክ በሌላው ማጫወቻ አይሠራም። እስከዚያ ድረስ ፊልሞቹን በሁለቱም ያወጣ ነበር። ሶኒ፣ ዲዝኒና ፎክስ ድሮም ብሉ ሬይ ጋ ነበሩ። በኤችዲ ዲቪዲ በኩል የቀሩት ትልልቅ ስቱዲዮዎች ዩኒቨርሳልና ፓራማውንት ሆኑ። የኤችዲ ዲቪዲ አስተዋዋቂ ቡድን እንኳ በላስ ቬጋሱ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ሊሰጠው ያሰበውን መግለጫ ሰረዘ። በዚህ ንግድ ላይ ያለ ሰው ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እኔ ነጋዴ አይደለሁም። ፊልም የምወድ ሰው ነኝ። ግን ዜናውን እንደሰማሁ ማጫወቻውን ከነካርቶኑ ይዤ መጣሁ። የመመለሻው ጊዜ አላለፈም ነበር። ደረሰኙ በእጄ ነበር። ሪሞቱም፣ ገመዱም፣ መመሪያው መጽሐፍም በቦታቸው ነበሩ። ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ እባክዎ እዚህች ላይ ትንሽ ይቆዩልኝ። በዚያን ቀን ዕቃውን መቀበል ግዴታችሁ ነበር። የራሳችሁ ደንብ ነው፤ ከደረሰኙ ጀርባ ታትሟል።

የቪዲዮ ክፍሉ ኃላፊ ካርቶኑን ሲያይ ፈገግ አለ። «አይቸኩሉ» አለኝ። «ዋርነር አንድ ስቱዲዮ ነው። ፓራማውንት ባለፈው ኦገስት ብሉ ሬይን ትቶ ወደ እኛ አልመጣም? ነገ ደግሞ ሌላው ይመጣል። ትንሽ ይጠብቁ።» እኔም የመመለሻው ጊዜ ሊያልፍብኝ ነው አልኩት። «እሱ አያሳስብዎ» አለ። «ፎርማቱ ከቆመ እኛው በብሉ ሬይ ማጫወቻ እንቀይርልዎታለን። የዋጋውን ልዩነት ብቻ ይጨምራሉ።» እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት። እስክሪብቶ አወጣ። ደረሰኙ ላይ «ፎርማቱ ከቆመ ይቀየራል» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። ቀኑንም ጻፈ። አመስግኜው ካርቶኑን ተሸክሜ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መመላለስ ነው። በጃንዋሪ አጋማሽ የኤችዲ ዲቪዲ ዋና አምራች የሆነው ቶሺባ የማጫወቻዎቹን ዋጋ ሲቀንስ ደወልኩ። «ዋጋ የቀነሰው ሊገፋበት ስላሰበ ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው» ተባልኩ። ፌብሩዋሪ 11 ፊልም አከራዩ ኔትፍሊክስ ወደ ፊት የሚገዛው ብሉ ሬይ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። አሁንም ደወልኩ። «እነሱ አከራዮች ናቸው፤ እኛን አይመለከትም» ተባልኩ። ፌብሩዋሪ 15 ትልቁ የአሜሪካ ቸርቻሪ ዋልማርት ኤችዲ ዲቪዲ መሸጥ እንደሚያቆም አሳወቀ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ወደ ኃላፊው መራችኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። መልሶ ይደውልልዎታል አሉኝ። አልደወለም።

ፌብሩዋሪ 19 ቶሺባ ራሱ የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ መሥራትና መሸጥ እንደሚያቆም በይፋ አስታወቀ። ዩኒቨርሳል በዚያው ቀን ወደ ብሉ ሬይ እንደሚሄድ ተናገረ። ፓራማውንትም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ከዚህ በላይ መቆም የለም። በእጅ የተጻፈልኝ ቃል የሚፈጸምበት ቀን ደረሰ ማለት ነው።

መጣሁ። ያው ኃላፊ ነበር። ደረሰኙን አሳየሁት። ገልብጦ አየውና «የመመለሻው ጊዜ አልፏል» አለ። ያለፈው እርሶ ይጠብቁ ስላሉኝ ነው አልኩት። «ይሄ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ማኅተም የለውም» አለ። የጻፉት እርሶ አይደሉም ወይ? ብዬ ጠየቅኩት። መልስ አልሰጠኝም። ይልቅ «ማጫወቻው ይሠራል አይደል? ዲቪዲም አሳምሮ ያጫውታል። ምን ጎደለብዎ?» አለኝ። እኔ ዲቪዲ ማጫወቻ ቤቴ አለኝ። ያንን ፈልጌ አልመጣሁም። ይህንኑ ስነግረው ድምፁን ከፍ አደረገ። ከኋላዬ ሌሎች ደንበኞች ተሰልፈው ነበር። አንቱታውንም ተወው። እንዲህ አለኝ፦

«ስማ፣ ይሄ ውርርድ ነው። አንተ ተወራረድክ፣ ተበላህ። እኛ ምን እናድርግህ?»

ትዕግሥቴ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ እሰጣለሁ።

እኔ አልተወራረድኩም። የሚወራረድ ሰው ከተሸነፈ እንደሚከስር አውቆ ይገባል። እኔ ግን ሳይመሽ መጥቼ ዕቃውን ልመልስ ብያለሁ። እንዳልመልስ ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ። የፎርማቱ ዕጣ ሲታወቅ ኪሳራው በእኔ እንዲሆን የወሰናችሁትም እናንተ ናችሁ። ውርርድ ነበር ከተባለ የተወራረደው መደብሩ ነው፤ በእኔ ገንዘብ።

ደግሞም እኔን ጠብቅ እያላችሁ እናንተ አልጠበቃችሁም። በዚያው በጃንዋሪ ወር የኤችዲ ዲቪዲ ዲስኮች ከፊት ለፊቱ መደርደሪያ ተነስተው መጨረሻው ጥግ፣ የቅናሽ ሳጥን ውስጥ ተከምረው አይቻለሁ። ፊት ለፊት የተደረደረው ብሉ ሬይ ነበር። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ «ጦርነቱ አላለቀም» ሲለኝ ከጀርባው ሌላው ሠራተኛ መደርደሪያውን እየቀየረ ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ደግሞ በኢሜይል ማስታወቂያ ደረሰኝ። «አሸናፊው ታውቋል፣ ብሉ ሬይ ይግዙ» ይላል። አሸናፊው መታወቁን ለሽያጭ ካመናችሁ፣ ቃላችሁን ለመፈጸም ለምን ትክዱታላችሁ?

ሌላም አለ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ስላናደደኝ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። በመካከሉ ከደወልኩባቸው ጊዜያት በአንዱ የቴክኒክ ክፍል ነኝ ያለ ሰው አነጋገረኝ። «ሁለቱም ሰማያዊ ሌዘር ነው የሚጠቀሙት። የፈርምዌር ማሻሻያ ሲመጣ ማጫወቻዎ ብሉ ሬይም ሊያነብ ይችላል፤ ትንሽ ይታገሱ» አለኝ። ይህ ፍጹም ከእውነት የራቀ ነው። ሌዘሩ አንድ ዓይነት መሆኑ ልክ ነው፤ የሁለቱም የሞገድ ርዝመት 405 ናኖሜትር ነው። ዲስኮቹ ግን የተለያዩ ናቸው። በኤችዲ ዲቪዲ መረጃው የተቀመጠው እንደ ዲቪዲው ከገጹ 0.6 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው። በብሉ ሬይ ግን ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ላይ ነው። የሌንሱም የማተኮር ኃይል ይለያል፤ የኤችዲ ዲቪዲው 0.65፣ የብሉ ሬዩ 0.85 ነው። ብሉ ሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ሲይዝ ኤችዲ ዲቪዲ 15 የሚይዘውም ለዚህ ነው። ፈርምዌር ማጫወቻው ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ነው። ሌንስ አይቀይርም። የጎረቤት ቁልፍ ስለተወለወለ የእኔን በር አይከፍትም። የቴክኒክ ክፍል ሠራተኛ ይህን ካላወቀ ደንበኛ ማማከር የለበትም። አውቆ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ ጊዜ ለመግዛት ዋሽቶኛል ማለት ነው።

ፎርማቱን አልጠላሁትም። ይህንንም በግልጽ ልበል። ስትሸጡልኝ ከነገራችሁኝ ነገር ብዙው እውነት ነበር። ኤችዲ ዲቪዲ የክልል ኮድ የለውም፤ የትም የተሸጠ ዲስክ ያጫውታል። ማጫወቻዎቹ ሁሉ ከመጀመሪያው የኔትወርክ መሰኪያ ነበራቸው። የብሉ ሬይ ማጫወቻዎች ግን ደረጃቸው ገና እየተቀያየረ ነበር፤ ቀድሞ የገዛ ሰው በኋላ የመጣውን አገልግሎት ሁሉ አያገኝም። ሥዕሉም በጣም ያምራል። ጥሩ ፎርማት ነበር፣ ሲሸነፍም ከልቤ አዝኛለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ ፊልም ወዳዶች ተከፋፍለን ቆየን። የሚፈልጉት ፊልም ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው። ብዙው ሰው ሰልችቶት ሁለቱንም ተወ። አምራቾቹ ተስማምተው አንድ ዲስክ ቢያወጡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ያ ግን የእናንተ ጥፋት አይደለም። የእናንተ ጥፋት ከማጫወቻው ጋር የሰጣችሁኝ ቃል ነው።

አሁን ዝም ብዬ ያለፍኳቸውን ሌሎች ነገሮችም ልጥቀስ፤ አንዴ ከጀመርኩ አይቀርም። ከማጫወቻው ጋር በነጻ የሚመጡትን ዲስኮች ቅጽ እኛ ሞልተን እንልካለን ብላችሁ ወሰዳችሁ። ዲስኮቹ እስከ ዛሬ አልመጡም። ቅጹ ከነጭራሹ መላኩንም እጠራጠራለሁ። የኤችዲኤምአይ ገመድ በካርቶኑ ውስጥ አለ ብላችሁኝ ቤት ስደርስ አልነበረም። ተመልሼ መጥቼ ከራሳችሁ በተጨማሪ ዋጋ ገዛሁ። ከገዛኋቸው ዲስኮች አንዱ ፊልሙ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። በተመሳሳይ እንቀይራለን ብላችሁ ነበር፣ ከዚያ ግን ከኩባንያው አልመጣም፣ አለቀ፣ ይቅርብዎ ሆነ። ስልክ ላይ የሚያስጠብቁኝን ጊዜ ሳልጨምር ነው ይህ ሁሉ።

ሌሎች መደብሮች ምን እንዳደረጉ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ። የአሜሪካው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ቤስት ባይ በማርች ወር፣ የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ከእሱ ለገዙ ሰዎች የ50 ዶላር የስጦታ ካርድ እንደሚሰጥ አስታወቀ። እነዚያ ደንበኞች በእጅ የተጻፈ ቃል አልያዙም። ማንም ይጠብቁ ብሎ የመመለሻ ጊዜያቸውን አላሳለፈባቸውም። እኔ ደግሞ ፊርማ ይዤ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ማጫወቻውንና ያልተከፈቱትን ዲስኮች ተቀብላችሁ በብሉ ሬይ ማጫወቻ ቀይሩልኝ። የዋጋውን ልዩነት እከፍላለሁ፤ እኔ ቃሌን አላጠፍም። የተከፈቱትን ዲስኮች መልሳችሁ አትወስዱም ካላችሁ፣ ሁለቱንም ፎርማት የሚያነብ ማጫወቻ ስጡኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ አለ። ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ አውጥቷል፣ ሳምሰንግም ተከትሏል። ቢያንስ የሰበሰብኳቸው ፊልሞች ሜዳ ላይ አይቀሩም። ይህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ነው፣ ቀላሉም ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን የላይኛውን መልሼ አነበብኩት። ነገሩ የልውውጥ ብቻ አይደለም። በሰው ፊት ተሰድቤያለሁ። ስለዚህ የማትቀይሩልኝ ከሆነ የማጫወቻውን፣ የዲስኮቹንና የገመዱን ሙሉ ዋጋ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በነጻ የሚሰጡት ዲስኮች ቅጽ የት እንደደረሰም እንድታሳውቁኝ እፈልጋለሁ። በሁለቱም መንገድ ደግሞ የቪዲዮ ክፍሉ ኃላፊ ለተናገረኝ ነገር የጽሑፍ ይቅርታ ይሰጠኝ። ይቅርታው «ለተፈጠረው አለመመቻቸት» የሚል የተለመደ ወረቀት እንዲሆን አልፈልግም። ምን እንደተባልኩ ጠቅሶ ይጻፍ። የፈርምዌሩን ወሬ ለሌሎች ደንበኞች የነገሩትንም አርሙ፤ እንደኔ እየጠበቀ ያለ ሌላ ሰው መኖሩ አይቀርም።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ። የደረሰኙን ሁለት ገጽ፣ ያን የእጅ ጽሑፍ ጨምሮ፣ አብሬ አስገባለሁ። በዚያ ጊዜ ልውውጥ አልጠይቅም፤ ገንዘቤን ከነወጪዬ ነው የምጠይቀው።

ወደ ቪዲዮ ክፍል እንዳትመሩኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚያ ክፍል ጋር የምነጋገረው ነገር የለኝም። መልሱ ከእርስዎ ከራስዎ ይምጣ። በጽሑፍ ይሁን፣ ፊርማዎና የድርጅቱ ማኅተም ይኑርበት።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ