የሙዚቃ ክበብ፦ ፋ እና ሲ የሌሉት ክራር

የትምህርት ቤታችን የዘንድሮው የሙዚቃ ክበብ ጥቅምት ላይ በ41 ልጆች ተጀመረ። ኅዳር ሲገባ 23 ቀሩ። ያለ ነው። ግማሾቹ ኪቦርድ ለመነካካት ነው የሚመጡት፤ ያለን ደግሞ ሁለት ኪቦርድ ብቻ ነው። የአንደኛው ሦስት ቁልፎች አይሠሩም።

ከቀሩት ጋር ዓመቱን ሙሉ አንድ ሥራ ላይ ነበርን፦ ለወላጆች ቀን የፊልም ሙዚቃን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በየዘመኑ እያነሱ መጫወት። (የፊልሞቹ ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ሐሳቡን የመምህራን ክፍል ውስጥ ሳነሳ ሳቅ ሆነ። «ቱሉ ዲምቱ ላይ ኦርኬስትራ?» አለኝ አንዱ ባልደረባዬ። አልፈርድበትም። ቫዮሊን የሚባል ነገር የለንም። ያለን አራት ክራር፣ ሦስት ማሲንቆ (ሁለቱ የውሰት ናቸው)፣ ዋሽንት፣ ከበሮና እነዚያው ኪቦርዶች ናቸው።

የመጀመሪያው ዓርብ መሣሪያ አልነካንም። ስለ ሻርኩ ከሚያወራው ከ«ጆውስ» አንድ ቁራጭ ድምፁን አጥፍቼ አሳየኋቸው። ባሕር፣ የሚዋኙ ሰዎች፣ በቃ። አንዱ አዛጋ። ከዚያ ያንኑ ቁራጭ ከነድምፁ ደገምኩት። ያዛጋው ልጅ ወንበሩን ወደ ጓደኛው አስጠጋ።

ጆን ዊሊያምስ በ1975 ለዚያ ሻርክ የሰጠው ዜማ ሲጀምር ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ መጀመሪያ ሲሰማው ቀልድ መስሎት ስቋል። በኋላ ግን ሙዚቃው ባለውለታው ሆነ። ለቀረጻው የተሠራው የማሽን ሻርክ እየተበላሸ አስቸግሮ ነበርና፣ ሻርኩ በማይታይበት ቦታ ሁሉ መምጣቱን የሚነግረን ሙዚቃው ነው። እነዚያ ሁለት ድምፆች የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ነው፤ ኪቦርድ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች ማለት ነው። ግማሽ ድምፅ ደግሞ አንቺ ሆዬ በሚባለው ቅኝታችን ውስጥ ሞልቷል። ማሲንቆ የያዘው ልጅ ጣቱን ትንሽ ሸርተት ሲያደርግ ሻርኩ መጣ።

ማሲንቆዎቹ ሌላም ሥራ ነበራቸው። በርናርድ ኸርማን በ1960 ለዳይሬክተሩ ሂችኮክ አስፈሪ ፊልም ለ«ሳይኮ» ሙዚቃ ሲጽፍ የተጠቀመው ባለ አውታር መሣሪያዎችን ብቻ ነው። ሂችኮክ ሴትዮዋ የምትገደልበት የመታጠቢያ ቤቱ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ይሁን ብሎ ነበር። ኸርማን እምቢ ብሎ ጻፈው። ሂችኮክም ሲሰማው ሐሳቡን ቀየረ። ፊልሙን ለልጆቹ አላሳየሁም፤ ለዕድሜያቸው አይሆንም። ሙዚቃውን ብቻ አሰማኋቸው። ሦስቱ ማሲንቆዎች አንድ ላይ ጩኸቱን ሲለማመዱ የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ሮጣ መጣች። «ማን ተጎዳ?» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ልምምዱን ወደ አዳራሹ አዛወርነው።

የ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» የማክስ ስታይነር ሙዚቃ ለእኛ ከብዶን ከበሮውን ብቻ ወሰድን። የ1966ቱ የኤንዮ ሞሪኮኔ የካውቦይ ፊልም ጥሪ ግን ለዋሽንት የተሠራ ነው የሚመስለው። በሁለት ሳምንት አለቀ።

ያለቀስነው «ስታር ዋርስ» ላይ ነው። ይሄን በ1977 የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው የተጫወተው። እኛ ደግሞ በክራር። ክራር ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ሲቃኝ ከሰባቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ይሰጣል። ፋ እና ሲ የሉም። ዜማው ደግሞ ገና ከመጀመሩ ፋን ይፈልጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ሲን ይጠራል። በኪቦርድ እንሙላው አልን። አስጠላ፤ የሌላ ሰው ድምፅ ጣልቃ የገባ መሰለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስንነታረክ ከረምን። መፍትሔው የመጣው ዝም ብላ ጥግ ላይ ከምትቀመጥ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነው። «አራተኛውን ክራር ለፋ እና ለሲ ብቻ ብንቃኘውስ?» አለች። ቃኘነው። ማን ይያዘው ሲባል ማንም አልፈለገም። ሁለት ድምፅ ለመምታት ማን ክበብ ይገባል? ራሷ ያዘችው። ልጆቹ በማግስቱ ስም አወጡላት፦ ፋ-ሲ፣ ቆይቶ «ፋሲካ»። አሁን የክፍሏም ልጆች በዚሁ ነው የሚጠሯት።

ከእኛው ሁለት ሥራ አነሳን። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ መጠቀሙን ስነግራቸው ማመን አቃታቸው፤ እንደ ግል ዘመዳቸው ነው የኮሩበት። ከኃይሌ ገሪማ የ2008ቱ «ጤዛ» ደግሞ ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አየር የሠሩትን ሙዚቃ አዳመጥን። ይሄኛው ለመጫወት ሳይሆን ለማዳመጥ ብቻ ሆነ። አቅማችንን እናውቃለን።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፤ የቆሙም ነበሩ። የሻርኩን ቁራጭ ያለ ድምፅ ግድግዳው ላይ አበራን፤ ማሲንቆው ከሥር ጀመረ። በመሃል መብራት ጠፋ። ጠቆር ያለ ዝናባማ ከሰዓት ስለነበር አዳራሹ ጨለመ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ወደ እኔ ዞረ። በእጄ «ቀጥል» አልኩት። ምስል የለም፤ ሁለቱ ድምፆች ብቻ እየፈጠኑ ይመጣሉ። የሚተነፍስም የለ። በመጨረሻ ፊት ወንበር ላይ የነበረች ሕፃን «እማዬ፣ መጣ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን በልምምድ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አምሮልን አያውቅም እላለሁ። መብራቱ በዚያው ስለቀረ የኪቦርዱን ክፍሎች ዘለን የቀረውን ተጫወትን።

ሲያልቅ የፋሲካ አባት ወደ መድረኩ መጡ። ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። «መምህር፣ ሌሎቹ ሲመቱ የኔ ልጅ ለምንድን ነው እጇን አጣጥፋ የምትቀመጠው?» አሉ። ስለ ፋ እና ሲ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አልገባቸውም። ልጆቹን ጠራሁና «ያለ እሷ አንዴ ምቱት» አልኳቸው። ሦስቱ ክራሮች መቱ። አባትየው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«እንዴ!» አሉ። «ጥርሱ የወለቀ ሰው እኮ መሰለ!»