የቀለም ባልዲና የጤፍ ሊጥ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንጀራ እየጋገርኩ መሸጥ ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮተቤ ነው። በቀን እስከ 150 እንጀራ አወጣለሁ። ስለ ጤፍ ዋጋ ሁሉም ይጽፋል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ሊጥ ባልዲ ነው።

ባለፈው ክረምት ባልዲዬ ተሰነጠቀብኝ። ምናለሽ ተራ ሄጄ ባለ 20 ሊትር፣ ጠንካራ፣ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ገዛሁ። የቀለም ባልዲ እንደነበረ አውቄያለሁ። ጠርዙ ላይ የደረቀ ቀለም ቀርቶ ነበር፤ በቢላ ፋቅሁት። በሳሙና አሸሁት፣ በፈላ ውሃ አለቀለቅኩት፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ሳሸተው ምንም የለውም። ሊጤን አቡክቼ ከደንኩት።

በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ከእርሾው ሽታ ጋር ሌላ ሽታ መጣ። ልክ እንደ አዲስ የተቀባ በር። የአፍንጫዬ ነው ብዬ ጋገርኩት። ማታ አንዲት የዕድር ጓደኛዬ እንጀራዋን ይዛ መጣች። «እታለም፣ ይሄ እንጀራ ቀለም ቀለም ይላል» አለችኝ። የቀረውን ሊጥ ደፋሁት። ለገዙኝ ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ ገንዘባቸውን መለስኩ። ለልጆች ያበሉም ነበሩ፤ እሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ይማራል። እሱ እንዳስረዳኝ ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ አይደለም። የያዘውን ነገር ወደ ውስጡ ይመጠዋል፤ ኋላ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ሲመልስ ደግሞ አሲድ፣ ዘይት፣ ሙቀትና ጊዜ ያግዙታል። ሊጣችን ኮምጣጣ ነው። ሦስት ቀን ይቀመጣል። አብሲቱንም ሞቅ እንዳለ ነው የምንጨምርበት። በውሃ ያልወጣው ነገር በሊጡ የወጣው ለዚህ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ለኮምጣጣ ምግብ የሚሆን ፕላስቲክ የሚፈተሸው በ3 በመቶ አሴቲክ አሲድ ነው አለኝ። ኮምጣጤ በሉት። ረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ምግብ ከሆነ አሲዱን ከፕላስቲኩ ጋር 10 ቀን በ40 ዲግሪ ያቆዩታል። ከዚያ ከፕላስቲኩ የወጣውን ይመዝናሉ። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቦታ በጠቅላላው ከ10 ሚሊ ግራም በላይ መውጣት የለበትም። ለአንዳንድ መርዛማ ነገሮች ደግሞ ልኩ ከዚህ በጣም ያንሳል። ይህን ስሰማ እኔ በቢላ ፍቄ የረካሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

ባልዲው ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2 ቁጥር አለ። እኔ «ለምግብ ይሆናል» ማለት መስሎኝ ነበር። ለካ ቁጥሩ የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። የቀለሙም የዘይቱም ባልዲ 2 ቁጥር ሊሆን ይችላል። ለምግብ የተሠራ መሆኑን የሚናገረው የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ነው። ሽታም ቢሆን አያስተማምንም። እኔን ሽታው አስጠነቀቀኝ እንጂ ቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለው ሊድ የሚባለው መርዝ ሽታ የለውም።

አዲስ ባልዲ ልገዛ ስወጣ ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ። «እማማ፣ ባልዲ ባልዲ ነው» አሉኝ። አራተኛው ገልብጦ ሥዕሉን አሳየኝ። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ከፈልኩ።

በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል። ደስ ብሎኛል፤ ትኩስ ሽሮ በፌስታል ሲቋጠር ሳይ ሁሌ ይጨንቀኝ ነበር። ግን ያ ሕግ የወጣው ስለ ቆሻሻ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የደረጃ መሥሪያ ቤቱም፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ባልዲና ጀሪካን የሚሸጥበት ገበያ ድረስ ይውረዱ። ለምግብ ያልተሠራ ዕቃ ላይ «ለምግብ አይሆንም» ተብሎ በአማርኛ በትልቁ ይጻፍበት።

ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። የብርጭቆና የሹካውን ሥዕል መዳፍ በሚያክል መጠን በጋዜጣው አትሙልን። በሰፈራችን ከሚጋግሩት ሴቶች ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ቆርጬ እየዞርኩ በየማድ ቤታቸው እለጥፍላቸዋለሁ።

አንዲት እንጀራ ጋጋሪ
ከኮተቤ