ጉዳዩ፦ የተንጠለጠሉ እግሮች

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ኮምፒውተር ሲማሩ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እግራቸው ላይ ነው። የሁሉም ተንጠልጥሏል። ወንበሩም ጠረጴዛውም የተሠራው ለትልቅ ሰው ነዋ! እግሩ የሚያርፍበት ያጣ ልጅ ወደ ፊት ይንሸራተትና ወገቡ ይጎብጣል። ኪቦርዱ ደረቱ ድረስ ስለሚመጣ ትከሻውን ይሰቅላል። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ «ቀጥ በሉ!» እያልን ስንቆጣቸው ከረምን።

አዲስ ወንበር ለመግዛት አቅሙ የለንም። ጅማ ተቀምጦ እንጨት ቸገረኝ ማለት ግን ያሳፍራል። አናጢ ጠርተን ከቁርጥራጭ ሳንቃ የእግር ማሳረፊያ አሠራን። መቀመጫው ላይ ትራስ አደረግን። ልጁ ከፍ ሲል ክርኑ 90 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ ኪቦርዱን ይደርስበታል። የስክሪኑ አናት ከዓይኑ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ርቀቱም ክንድ ያህል።

ቤት ውስጥ ላፕቶፕ ካላችሁ አንድ ጣጣ አለው። ስክሪኑና ኪቦርዱ አይለያዩም፤ እጅ ሲመቸው አንገት ያቀረቅራል። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ካለ፣ ላፕቶፑን መጻሕፍት ደርባችሁ እላዩ ላይ አስቀምጡት። ከሌለ ሰዓቱን አሳጥሩ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ መጠቀም ይቅር። የጅማ በርጩማችን ከዝቅተኛ ጠረጴዛ ጋር ከሶፋው ይሻላል፤ ቢያንስ እግር መሬት ይረግጣል። መደገፊያ ስለሌለው ግን ብዙ አያስቀምጥም።

ስለ ዓይንም ልንገራችሁ። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ነው። ስለዚህ ይደርቃል፣ ልጁም ማሸት ይጀምራል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ፣ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ይይ። እኛ «ወደ ጅሬን ኮረብታ እዩ» እንላቸዋለን። ጉም ሲሸፍነው የግቢው ዛፍም ይበቃል። መስኮት ከጀርባ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፤ በጎን በኩል አድርጉት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የኮምፒውተር ክፍሉ ክፍት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አስቀምጠን እንለካቸዋለን። ትርፍ ሳንቃ ያለው ወላጅ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል። ስድስት ወንበር ገና ይቀረናል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ጅማ