«አዲሱን ጌም ለምን አላስገባችሁም?» ላላችሁን ደንበኞቻችን

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን
ጎንደር፣ ፒያሳ

እንዴት ሰነበታችሁ? ሰሞኑን አንድ ጥያቄ በዝቶብናል። «ሌላው ጌም ቤት አዲሱን አስገብቷል፤ እናንተ እስከ መቼ ነው ፕሌይስቴሽን 2 ይዛችሁ የምትቀመጡት?» ትሉናላችሁ። ከፍላችሁ ነው የምትጫወቱት፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጆይስቲክ እያቀበልን ለእያንዳንዱ ሰው ከምናስረዳ ግን አንዴ ጽፈን ብንልክላችሁ ይሻላል ብለናል።

ውሳኔያችን ይሄ ነው። ፕሌይስቴሽን 2ዎቹ ከቤቱ አይወጡም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በየዓመቱ የሚያወጡትን ሁሉ እየተከተልን መግዛት ግን እናቆማለን። በዚያ ገንዘብ ትንንሽ ስቱዲዮዎች የሠሯቸውን፣ ኢንዲ የሚባሉትን ጌሞች እናስገባለን። በተለይ አንድ ስክሪን ላይ ሁለትም አራትም ሰው የሚያጫውቱትን።

እኛ የምንኖረው ጎን ለጎን በሚቀመጡ ሰዎች ነው። ብቻውን መጫወት የሚፈልግ ሰው ስልኩ አለለት። ወደኛ የሚመጣው የሚያሸንፈው ሰው ፍለጋ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ከኋላ የቆመው ይተርባል። ስለዚህ አንድ ጌም ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ጆይስቲክ ይቀበላል?» ብለን ነው። ግራፊክሱ ቀጥሎ ይመጣል።

ፔስ 6 የተባለውን የኳስ ጌም እዩት። የወጣው በ2006 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በክለቦቹ ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ተብለው ነው የገቡት። ማንም አልተቸገረም። ኢንተርን መርጦ በአድሪያኖ ግራ እግር ከሩቅ የሚለቅ ሰው ዛሬም አለ፤ ራሱን ያውቃል። ስምና ማሊያ መቀየር ስለሚቻልም አንዳንዶቻችሁ አፄዎቹን ፈጥራችሁ ሚሞሪው ላይ አስቀምጣችኋል። መቼም ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ፋሲል ከነማን እስኪያስገቡልን ብንጠብቅ እናረጃለን።

ድሮ ትልልቆቹም ጎን ለጎን ያስቀምጡን ነበር። ጎልደንአይ በ1997 በኒንቴንዶ 64 ሲወጣ ስክሪኑን አራት ቦታ ከፍሎ አራት ሰው ያታኩስ ነበር። ሃሎ የተባለውም ስሙን የተከለው ጓደኛሞችን አንድ ሶፋ ላይ እያጫወተ ነው። ሃሎ 5 በ2015 ሲመጣ ግን ስክሪን መክፈሉን ጨርሶ ተወው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ማሽኑ ያንኑ ዓለም ሁለት ጊዜ መሳል አለበት። ግራፊክሱ በከበደ ቁጥር ማሽኑ ይደክማል። በዚያ ላይ ጨዋታው በኢንተርኔት ሲሆን ሁለት ጓደኛሞች ሁለት ማሽንና ሁለት ጌም ይገዛሉ። ይሄኛው ምክንያት ብዙ አይወራም፤ ለኛ ለነጋዴዎቹ ግን ወዲያው ነው የሚታየን። ከትልልቆቹ መካከል በዚህ በኩል ያልከዱን በዋናነት የኳስና የድብድብ ጌሞች ናቸው።

መጠኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሙሉ ጌሙ 40 ኪሎባይት ነው። በቴሌግራም የምትላላኩት አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። ቦታ ለመቆጠብ ደመናውንና ቁጥቋጦውን በአንድ ሥዕል ነው የሠሯቸው፤ ቀለሙን ብቻ ቀይረው። በ2018 የወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4 በሁለት ዲስክ መጥቶ ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይበላል። እንዲህ ያለውን አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማጥፋት ነው። «ትናንት የነበረው ጌም የት ገባ?» ስትሉን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ነው።

ያም ሆኖ ሬድ ዴድን አናወጣውም። ገንዘቡ የት እንደገባ ያስታውቃል። በረዶው ላይ ዱካ ይቀራል፣ ጭቃው ልብስ ላይ ይይዛል፣ መንገድ ላይ ሰላም ያላችሁት ሰው ይመልስላችኋል። ትንሽ ስቱዲዮ ይሄን ልሥራ ቢል ዕድሜውም አይበቃው። ጂቲኤ 5ም ይቆያል። እሱን ብናወጣ ቤቱን የምታዘጉብን ይመስለናል።

የሚያስመርረን ያልበሰለ ጌም ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በ2020 መጨረሻ ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ከመበላሸቱ የተነሳ ሶኒ ከኦንላይን መደብሩ አንስቶት ነበር። የመለሰው ወራት ቆይቶ በ2021 ነው። ዛሬ ተስተካክሎ ጥሩ ጌም ሆኗል፤ ይሄን አንክድም። ግን የተስተካከለው በኢንተርኔት ነው። እዚህ ዳታ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ አዲሶቹ ማሽኖች «አፕዴት» እያሉ ሲነተርኩን ፕሌይስቴሽን 2 ሲዲውን ጎርሶ ሥራውን ቀጠለ። የባሰም አለ። ዘ ክሪው የሚባል የመኪና ጌም በ2014 ወጥቶ ነበር። ባለቤቱ ዩቢሶፍት በ2024 ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኝበትን ሰርቨር ሲዘጋው ዲስኩን በገንዘቡ የገዛ ሰው ብቻውን እንኳ መጫወት አልቻለም። ዲስኩ እጁ ላይ ነው፣ ጌሙ የለም።

የድሮ ሁሉ ወርቅ ነበር እያልን ግን አይደለም። በ1982 አታሪ የተባለው ካምፓኒ ኢቲ የሚባል ጌም ለገና ገበያ ለማድረስ በአምስት ሳምንት ገደማ አሠርቶ አወጣ። ሳይሸጥ የቀረው ከሌሎች ጌሞች ጋር ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ ተቀበረ። በ2014 ቆፍረው አወጡት። እንዲህ ያለው ስለተረሳ ነው የድሮው ሁሉ የሚያምረን። የቆዩት ጌሞች አስቸጋሪነትም ሁልጊዜ ጥበብ አልነበረም። በሳንቲም የሚሠሩት ማሽኖች ቶሎ የሚገድሏችሁ ሌላ ሳንቲም እንድትጨምሩ ነው። በሰዓት የምናስከፍል ሰዎች ስለሆንን ይሄ ሒሳብ አይጠፋንም።

የዛሬው ሒሳብ ግን ይብሳል። የኳሱ ጌም በ2023 ስሙን ከፊፋ ወደ ኤፍሲ ቀይሯል፤ ተጫዋቾች የታሸጉበትን ፓክ መሸጡን ግን አልተወም። ገንዘብ ትከፍላላችሁ፣ ውስጡ ምባፔ ይኑር ማንም የማያውቀው ተከላካይ ይኑር ሳትከፍቱት አታውቁም። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለው ሽያጭ ቁማር ነው ብላ፣ የጌሙ ባለቤት ኢኤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ እዚያ አገር ፓክ የሚገዛበትን የፊፋ ፖይንት መሸጥ አቁሟል። በኛ ቤት ፓክ መግዛት አይቻልም። ወላጆችም ይሄን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። ኤፍሲን ራሱን ደግሞ ከእንግዲህ የምንገዛው በየሁለት ዓመቱ ነው። ከአምናው የሚለየው በዝውውርና በማሊያ ነው ብንል ብዙ አልዋሸንም።

ወደ ኢንዲዎቹ እንምጣ። መጀመሪያ የምናስገባው ኦቨርኩክድን ነው። በ2016 የወጣ ነው፤ ስቱዲዮውን የመሠረቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አራት ሰው አንድ ኩሽና ውስጥ ይገባል። አንዱ ይከትፋል፣ አንዱ ይጠብሳል፣ አንዱ ሳህን ያጥባል፣ አንዱ መንገድ ይዘጋል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ይጯጯሃል። ግራፊክሱ የልጆች ካርቱን ነው፤ ሳቁ ግን ከየትኛውም ውድ ጌም ይበልጣል። ለኛ ቤት የተሠራ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ካፕሄድ አለ፤ የ2017 ነው። ሥዕሎቹ በ1930ዎቹ የአሜሪካ ካርቱን ስልት አንድ በአንድ በእጅ የተሳሉ ናቸው። የሠሩት ሁለት ወንድማማቾች ጌሙን ለመጨረስ ቤታቸውን በብድር እስከማስያዝ ደርሰዋል። ለሁለት ሰው ይሆናል፣ በጣም ከባድ ነው። ጆይስቲክ የወረወረ ይከፍላል።

ስታርዱ ቫሊን ደግሞ ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰው ብቻውን ነው የሠራው። ሥዕሉን፣ ሙዚቃውን፣ ኮዱን ሁሉ። አራት ዓመት ተኩል ያህል ፈጅቶበት በ2016 ወጣ። ማረስ፣ ዶሮ ማርባት፣ ዓሣ ማጥመድ ነው። ክረምት ክረምት ቤተሰብ ጋ ሄዳችሁ የምታርሱ ልጆች ትስቁ ይሆናል፤ ግን ሞክሩት።

ኢት ቴክስ ቱን የት እንደምንመድበው አናውቅም። የሠራው ሄዝላይት የሚባል የስዊድን ስቱዲዮ ነው፤ ያሳተመው ግን ያው በፓክ የወቀስነው ኢኤ ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ጨርሶ አይቀበልም፤ የግድ ሁለት ነው። በ2021 ወጥቶ በጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። ታሪኩ ሊፋቱ ስለተቃረቡ ባልና ሚስት ነው። እጮኛሞች፣ በሩ ክፍት ነው።

ደግሞ ብቻን ጌም መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ቴትሪስን በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ አንድ ሰው ነው። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ጌም ሠርቷል። የስልክ ጌም ስለሆነ እኛ ጋ የለም፤ ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ኢንዲ ስለሆነ ብቻ ግን ጌም አንገዛም። የድሮ የሚመስል ሥዕል ለጥፎ ውስጡ ባዶ የሆነ ሞልቷል። ለግማሽ ሰዓት ካላስቀመጠን ለእናንተ አናቀርበውም።

አሁን ስለ አሠራሩ። የፕሌይስቴሽን 2 ዋጋ አልጨመረም። ኦቨርኩክድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትልቁ ስክሪን ይሆናል፤ ሒሳቡ በቡድን እንጂ በሰው አይደለም። ዩኒፎርም ለብሶ በትምህርት ሰዓት የሚመጣ ተማሪ እንደ ድሮው አይገባም። ሚሞሪ ካርዶቹ 8 ሜጋባይት ብቻ ስለሆኑ ሞልተዋል። ፔስ ላይ ጀምራችሁ ያስቀመጣችሁት፣ አሁን የማትፈልጉት ማስተር ሊግ ካለ ንገሩንና እናጥፋ፤ ሳትነግሩን የማንንም አንነካም።

አንድ ነገር እንለምናችሁ። ሲዲውን የሚያነበው የፕሌይስቴሽን 2 ሌዘር ከገበያ እየጠፋ ነው። አዘዞም ሆነ ማራኪ፣ ቤቱ አልጋ ሥር የተበላሸ ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ሰው ካለ ያምጣልን። ለመለዋወጫ እንገዛለን፤ ባይሠራም ግድ የለም።

ከአክብሮት ጋር
የፒያሳው ጌም ቤታችሁ