ስለ ጢያ ጉብኝት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ሚያዝያ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ሚያዝያ 17 ስለሚደረገው የአንድ ቀን ጉብኝት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ የአጋማሽ ፈተና ውጤት በኮሙኒኬሽን ቡክ ስለተላከላችሁ ፈርማችሁ እንድትመልሱልን እንጠይቃለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ለጉብኝቱ ከላክናቸው የፈቃድ ቅጾች ግማሾቹ እንኳ አልተመለሱም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከምንም፤ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በግልጽ ተጽፏል። «ድንጋይ ለማየት 1,400 ብር?» የሚለው መልእክት ምን ያህል ድጋፍ እንዳገኘም ተመልክተናል። ትምህርት ቤቱ የወላጆችን አስተያየት ሁልጊዜ በአክብሮት ይቀበላል። ይህንንም በአክብሮት ተቀብሎ እንደሚከተለው ይመልሳል።

አዎ፣ ድንጋይ ነው። በጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ሲሆኑ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል። ከሰይፉ ሌላ ያሉት ምልክቶች ትርጉም ዛሬም ሊቃውንቱን ያከራክራል። በቁፋሮም ከሥራቸው መቃብር ተገኝቷል። ሥፍራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። «የግራኝ ድንጋይ አይደል እንዴ?» የምትሉም አትጠፉም። ኢማም አህመድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሰው ናቸው፤ ትክሎቹ ከእርሳቸው በፊት የቆሙ ናቸው። ልጆቹ ይህን እዚያው ቆመው ጠይቀው፣ ዘመኑን ራሳቸው አስልተው እንዲደርሱበት ነው የምንፈልገው።

«ፎቶውን በስልኩ ያየው የለም ወይ?» ለምትሉ፦ በየስብሰባው «ልጆቹን ከስልክ አላቁልን» እያላችሁ የምትማጸኑን እናንተው ናችሁ።

ከጢያ በፊት አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ እንቆማለን። እዚያ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሕፃናት የእግር ዱካ ተገኝቷል። ትልልቆቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ልጆቹ እዚያው ጭቃው ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር ማለት ነው። አጠገቡ ያለው የባልጪት መንደር ደግሞ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የጠረቡበት ባልጩት የሚገኝበት ነው። ሁለቱም በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህ ሁሉ ያለው ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ በቡታጅራ መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ወደ ዘመድ ቤት ስትመላለሱ ስንቶቻችሁ ቆማችሁ አይታችኋል? ለመውቀስ አይደለም። ግን ስንቶቻችሁ?

«ለምን እንደ አምናው ቢሾፍቱ አይሆንም?» የሚል ጥያቄም ደርሶናል። አምና ተማሪዎቹ ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ እንዴት እንደተፈጠሩ ሪፖርት እንዲጽፉ አዘን ነበር። የደረሰን ሪፖርት ስለ ውሃ መንሸራተቻው ነው። በአንዳንዶቹ ላይ የወላጅ የእጅ ጽሑፍም ታይቷል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ 1,400 ብሩ ለአውቶቡስ፣ ለነዳጅ፣ ለምሳ፣ ለመግቢያና ለአስጎብኚ የሚውል ነው። ትምህርት ቤቱ ከዚህ አንድ ብር አያተርፍም፤ ደረሰኞቹም ለወላጅ መምህር ኅብረት ይቀርባሉ። የነዳጅን ዋጋ እኛ አንወስንም። ሆኖም መክፈል የሚከብደው ወላጅ ካለ ቢሮዬ ይምጣና በግል እንነጋገር፤ በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ አይኖርም። ችግሩ ገንዘብ ሳይሆን «ድንጋይ ነው» የሚለው ከሆነ ግን መልሱ ከላይ ተጽፏል፤ እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት።

በመመለሻችን ከአንድ ዓለት ተፈልፍላ የተሠራችውን አዳዲ ማርያምን እናያለን። እስካሁን የጠየቀ ወላጅ ባይኖርም ማታ 3 ሰዓት ላይ እንደሚደወልልኝ ስለማውቅ ከወዲሁ ልናገር፦ ወደ ውስጥ መግባት ግዴታ አይደለም። የሚገባው ይገባል፤ የማይገባው ከመምህሩ ጋር ውጭ ሆኖ የአሠራሩን ንድፍ ይስላል። ማንም ልጅ ከእምነቱ ውጭ የሆነ ነገር እንዲያደርግ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ደግሞ በትሕትና፦ ወላጆች በግል መኪና አውቶቡሱን ተከትላችሁ እንዳትመጡ። አምና ከኋላችን የነበረው ሰልፍ ሙሽራ የምንሸኝ አስመስሎን ነበር። መምህራኑና የትምህርት ቤቱ ነርስ አብረው ይሄዳሉ።

አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከግቢ ይነሳል፤ የቆየ ተማሪ አይጠበቅም። ቅጹ እስከ ሰኞ ሚያዝያ 12 ተፈርሞ ይመለስ። ልጃችሁ የማይሄድ ከሆነም «አይሄድም» ብላችሁ ፈርሙበት፤ ባዶውን ቅጽ ቦርሳ ውስጥ ትቶ ዝም ማለት መልስ አይደለም።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር